ከመግፋት በፊት መጠየቅ፦ በደጋ አገር የአሮጌ መኪና የአነሳስና የኤሌክትሪክ ችግር ምርመራ



ንግግሬን ሁላችሁም በምታውቁት ትዕይንት ልጀምር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። በነፋስ መውጫ ወይም በዚሁ በደብረ ታቦር ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል አድሯል። አንድ ሰው አሮጌ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ያዞራል። አይነሳም። ደግሞ ያዞራል። አይነሳም። ከዚያ ወርዶ መንገደኛ ይለምናል፤ አምስት ስድስት ሰዎች ጋቢያቸውን ወደ ኋላ መልሰው ይገፋሉ፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ይነሳል፤ ምስጋናና ምርቃት ይከተላል፤ መኪናውም ይሄዳል። «ለምን አልነሳም?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። በማግስቱ ያው ትዕይንት ይደገማል። በእስቴ፣ በስማዳ ወይም በጋይንት መንገድ ሁልጊዜ ቁልቁለት ፈልጎ የሚያቆም ሹፌር ስታዩ ምክንያቱን ትረዳላችሁ።

መግፋትና መጎተት በዚህ አገር የቆየ ታሪክ አላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ የተጓዘው በሰው ክንድ እየተጎተተ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ኃይል አልነበረም። የእኛ መኪና ግን የራሱ ሞተር፣ የራሱ ባትሪና የራሱ ሞተሪኖ አለው። እነዚህ ሁሉ እያሉ የምንገፋው አቅም አጥተን ሳይሆን መጠየቅ ትተን ነው።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ «አልነሳም» ማለት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። በሽታው የሚታወቀው በመለካት እንጂ ዕቃ በመለወጥ አይደለም።

ጉዳዩ ለምን የዩኒቨርሲቲ መድረክ ይገባዋል? በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አሮጌ መኪኖች ከመካከላችን ቶሎ አይወጡም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስኗል። እነዚህ እርምጃዎች የራሳቸው ዓላማ አላቸው፤ ለእኛ ግን አንድ ውጤት አላቸው፦ በእጃችን ያለው ቮልስዋገን፣ ላንድሮቨር፣ ፔጆና ቶዮታ ለረጅም ዘመን መኖር ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ለወገዳ ወይም ለአርብ ገበያ ሰው በግምት የታዘዘ መለዋወጫ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣለት። ግምቱ ስሕተት ከሆነ ገንዘቡም፣ ቀኑም፣ መንገዱም ይባክናል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሕመምተኛ «አሞኛል» ሲል ሐኪሙ «የት ላይ?» እንደሚል ሁሉ፣ እኛም በመጀመሪያ የምንጠይቀው «እንዴት ነው ያልተነሳው?» ብለን ነው። አለመነሳት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ቁልፉ ሲዞር ፍጹም ዝምታ ነው። ሁለተኛው፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ሞተሩ አለመዞሩ ወይም እያቃሰተ በዝግታ መዞሩ ነው። ሦስተኛው፣ ሞተሩ በደንብ እየዞረ እሳት አለመያዙ ነው። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ በጋራዥ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ መድኃኒት፣ በአዲስ ባትሪ፣ ይታከማሉ።

ለመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ምንም ሳይደበዝዝ ሞተሩ ዝም ካለ፣ ትልቁ ኮረንቲ ወደ ሞተሪኖው አልሄደም ማለት ነው፤ ችግሩ በቁልፉ፣ ወደ ሶሌኖይዱ በሚሄደው ቀጭን ሽቦ፣ በሶሌኖይዱ በራሱ ወይም በተቋረጠ ዋና መስመር ላይ ይፈለጋል። መብራቱ ጨርሶ ከጠፋ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ጫፍ ላይ ያለው ማሰሪያ ዝጓል። መብራቱ በመጠኑ ደብዝዞ ሞተሩ እያቃሰተ ከዞረ፣ የምርመራው ዋና ክፍል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መግፋትንም እንደ ምርመራ ልንጠቀምበት እንችላለን። ተገፍቶ ወዲያው የተነሳ መኪና ብዙ ነገር ነግሮናል፦ ቤንዚኑ ይደርሳል፣ ካንዴላው ይተኩሳል፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚጠረጠረው ባትሪው፣ ሞተሪኖውና ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ነው። ተገፍቶም የማይነሳ መኪና ካለ ሰዎቹን አታድክሙ፤ ባትሪው እሳት ለመስጠት እንኳ የሚበቃ ኃይል የለውም፣ ወይም ችግሩ ከእሳቱ አለዚያም ከነዳጁ ነው።

ከዚህ በኋላ በየጋራዡ «ቴስተር» የምንለውን መለኪያ እንይዛለን። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካነበበ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ይህ ግን ዕረፍት ላይ ያለ ባትሪ ንባብ ነው። ዕረፍት ላይ ጤነኛ የሚመስል ባትሪ ሸክም ሲጫንበት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ እንለካለን፤ በዚያን ጊዜ ንባቡ በመደበኛ ሙቀት ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ አካባቢያችን የራሱ ድርሻ አለው። ባትሪ ኬሚካላዊ ዕቃ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ከሚሰጠው ኃይል ሲሶ ያህሉን ያጣል። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ስለሚረጋ ሞተሩን ለማዞር የበለጠ ኃይል ያስፈልጋል። አቅም ሲቀንስ ፍላጎት ይጨምራል። በወረታ ሜዳ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና ጉናን ተሻግሮ ነፋስ መውጫ ሲያድር እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ብርዱ አዲስ በሽታ አላመጣም፤ የነበረውን ገለጠው እንጂ።

አሁን ወደ ንግግሬ እምብርት ደርሻለሁ፤ በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ባስረዳ ይሻላል።

ከዓመታት በፊት ባለ 12 ቮልት አሮጌ ቮልስዋገን ነበረኝ። በመስከረም አካባቢ ጠዋት ጠዋት ማቃሰት ጀመረ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ለሳምንት የተሻለው መሰለኝ፤ ከዚያ ተመለሰበት። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ «ሞተሪኖው አርጅቷል» ተባልኩ፤ ሞተሪኖው ተለወጠ። ደግሞ የተሻለው መሰለኝ። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት የአጎቴ መርዶ ከእስቴ ደረሰኝ። ቀብሩ በማግስቱ ረፋድ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ቁልፉን ሳዞር የሰማሁት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ግቢው ሜዳ ነበር፤ መንገዱ ላይ ገና ሰው አልነበረም። መኪናውን ትቼ የሕዝብ ትራንስፖርት ፍለጋ ወጣሁ። መካነ ኢየሱስ ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ለቀስተኛው ወደ ድንኳን ገብቶ ነበር። ያሳደገኝን አጎቴን አልሸኘሁትም። በዶክትሬት ዲግሪዬ የኦምን ሕግ ለሌሎች የማስተምር ሰው፣ በገዛ ግቢዬ ቆሞ የነበረውን መኪና አንድ ቀን እንኳ አልለካሁትም ነበር።

ከሐዘን ስመለስ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ግቢዬ ድረስ መጡልኝ። ባትሪውንም ሞተሪኖውንም አልነኩም። ወፍራም ገመድ አውጥተው አንዱን ጫፍ ከካምቢዮው ብረት፣ ሌላውን ከመኪናው ቦዲ ጋር አሰሩና «አሁን ያዙሩት» አሉኝ። ባንድ ጊዜ ተነሳ። «ዶክተር፣ መኪናው አልታመመም፤ መመለሻ መንገድ ነው ያጣው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ኮረንቲ ከባትሪው ወጥቶ ሞተሪኖው ጋ ከደረሰ በኋላ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። በቮልስዋገን ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ መደገፊያ ላይ ስለተቀመጡ ከቦዲው ጋር በብረት አይነካኩም። መመለሻው ከካምቢዮው ወደ ቦዲው የተዘረጋ ከመዳብ ክር የተሸመነ አንድ አጭር ማሰሪያ ነው። የእኔው ማሰሪያ ውስጡ ዝጎ፣ ብሎኑ ሥር ደግሞ ቀለም ተቀብቶበት ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ገመዱን ፈትቼ፣ ዘግይቼም ቢሆን ለካሁ። ቁልፉ እየዞረ ሳለ በባትሪው ጫፎች ላይ 11.6 ቮልት ነበር። በሞተሪኖው ላይ የደረሰው 7.9 ብቻ ነበር። በፖዘቲቭ በኩል መንገድ ላይ የቀረው 0.3፤ በኔጌቲቭ በኩል የቀረው 3.4 ቮልት ነበር። ደምሩት፤ 11.6 ይመጣል። ማሰሪያውን ለውጬ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ከጠረግሁ በኋላ ደግሞ ለካሁ፦ በባትሪው 10.4፣ በሞተሪኖው 9.9፣ በፖዘቲቭ መስመር 0.35፣ በኔጌቲቭ መስመር 0.15።

ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። ጥገናው ከተደረገ በኋላ የባትሪው ንባብ ወረደ እንጂ አልወጣም። ከ11.6 ወደ 10.4። ባትሪውን ብቻ የሚያይ ሰው «ባሰበት» ይላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ መንገዱ ስለተከፈተ ብዙ ኮረንቲ ፈሰሰ፣ ባትሪውም እንደሚገባው ሠራ። ሞተሩ ሳይዞር የባትሪው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ መቆየቱ ነበር የበሽታው ምልክት። ቁጥር ብቻውን አይናገርም፤ የት ላይና በምን ሁኔታ እንደተለካ ካልታወቀ ያሳስታል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ችግር የፈጠረው ተቃውሞ፣ ማለትም ሬዚስታንስ፣ ምን ያህል ነው? ሞተሪኖ 150 አምፔር ይወስዳል እንበል። በመንገዱ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ቢኖር የሚባክነው 1.5 ቮልት ነው። 0.02 ኦም ቢሆን 3 ቮልት ነው። ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም፤ «ዜሮ ነው፣ ደህና ነው» ይላል። ስለዚህ የምንለካው ኦሙን ሳይሆን ኮረንቲ እየፈሰሰ ሳለ በመንገድ ላይ የሚቀረውን ቮልቴጅ ነው። አንድ መጋጠሚያ ከ0.2 ቮልት፣ አንድ ሙሉ መስመር ከ0.5 ቮልት በላይ ካስቀረ ይፈታ፣ ይጠረግ፣ ይጥበቅ። ከኮረኮንች መንገድ ንዝረትና ከአቧራ ጋር በምንኖርበት በዚህ አካባቢ ደግሞ ከዕቃው ይልቅ መጋጠሚያው ቀድሞ እንደሚደክም መጠርጠር ተገቢ ነው።

በዚሁ መንገድ የቁልፉን መስመርም እንመርምር። በቮልስዋገን ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሞተሪኖውም ከኋላ ነው፤ ቁልፉ ግን ከፊት ነው። ሞተሪኖውን የሚያዘው ኮረንቲ ከኋላ ወደ ፊት ሄዶ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሽቦው ሲያረጅ፣ የቁልፉ መገናኛም ሲቃጠል፣ በሞተሪኖው ላይ 50 ቁጥር የተጻፈበት ጫፍ በቂ ቮልቴጅ አያገኝም። መኪናው ሲሞቅ ዝም የሚልበት፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው አዲስ ሞተሪኖ ሳይሆን አንድ ሪሌይ ወይም አዲስ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሦስተኛው ዓይነት እንሂድ፤ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ እሳት ግን አይዝም። እዚህ ላይ ጥያቄው ሁለት ነው፦ እሳት አለ ወይ? ነዳጅ አለ ወይ? ለእሳቱ ከኮይሉ እንጀምር። በኮይሉ 15 ቁጥር ጫፍ ላይ፣ ቁልፉ በርቶ ብቻ ሳይሆን ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ፣ ምን ያህል ቮልት አለ? ሞተሪኖው ባትሪውን ሲያዳክመው ኮይሉ ይራባል፤ ስለዚህ በሞተሪኖ የማይነሳ መኪና በግፊ የሚነሳበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ቀጥሎ በ1 ቁጥር ጫፍ ላይ የመፈተኛ መብራት እናስር፤ ሞተሩ ሲዞር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት የመገናኛ ነጥቦች ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ካላለ ነጥቦቹ ተቃጥለዋል ወይም ክፍተታቸው ጠፍቷል፤ በቮልስዋገን ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚያ ካንዴላውን አውጥተን እንየው። በእኛ ከፍታ ይህ ልዩ ትርጉም አለው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ካርቡሬተር አየሩን በመጠን እንጂ በክብደት አያውቀውም፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ሹፌሩ በብርድ ጠዋት ቾኩን ስቦ የቤንዚን መስጫውን ደጋግሞ ሲረግጥ ሞተሩ በቤንዚን ይሰጥማል፤ ካንዴላው ጠቁሮና ረጥቦ ይገኛል። ከዚያ ደጋግሞ በማዞር ባትሪው ይሞታል፤ በመጨረሻም «ባትሪው ነው» ይባላል። የነዳጅ በሽታ በኤሌክትሪክ ስም ይቀበራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቾኩን መመለስ፣ መስጫውን ሳይደጋግሙ እስከ መጨረሻው ረግጦ መያዝ፣ ከ10 ሴኮንድ ያልበለጠ ማዞር፣ ከዚያ ማሳረፍ።

መኪናው ከተነሳም ምርመራው አላበቃም። ሞተሩ በመጠነኛ ፍጥነት ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ሊነበብ ይገባል፤ ካልሆነ ዲናሞው፣ ቀበቶው ወይም የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ይታይ። ቁልፉ ጠፍቶ የሚሄድ ኮረንቲም አለ። ሰዓትና ሬዲዮ የሌለው አሮጌ መኪና ቆሞ ሲያድር ምንም ሊወስድ አይገባም። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢያፈስ በሦስት ቀን 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ያ አንድ ትንሽ ባትሪ ማለት ነው።

ስለ ጥንቃቄ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፤ ስለዚህ ከሌላ መኪና ኃይል ስትወስዱ የመጨረሻውን ማያያዣ በባትሪው ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ እሰሩ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ማርሹን ገለልተኛ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ከሁሉ በፊት መኪናውን እወቁት። ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ቮልስዋገኖች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚያገናኙት ኔጌቲቩን ሳይሆን ፖዘቲቩን ነው። ይህን ሳያውቁ ገመድ ማሰር መኪናውን ማቃጠል ነው።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። በክፍል ውስጥ «ስፓርክ ፕላግ» እና «ስታርተር» እንላለን፤ በጋራዥ «ካንዴላ» እና «ሞተሪኖ» ይባላል፤ እነዚህን ሙያው ከጣሊያንኛ ተቀብሎ የራሱ አድርጓቸዋል። የስሙ ልዩነት ቀላል ነገር ነው። ከባዱ ልዩነት፣ እኛ ሕጉን አውቀን እጃችንን አለማስገባታችን፣ ጋራዡም እጁን አስገብቶ ቁጥሩን አለመያዙ ነው። እኚያ አዛውንት ማሰሪያውን በልምዳቸው አወቁት፤ እኔ በቁጥር አረጋገጥኩት። ከመስከረም ጀምሮ አብረን ብንሆን ኖሮ ባትሪም ሞተሪኖም አልገዛም ነበር፤ ቀብርም አላመለጠኝም ነበር።

«ነገ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ ይኖራል። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪው ሌላ ኮምፒዩተሮቹን የሚያነቃ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። እሱ ሲደክም ወይም ማሰሪያው ሲዝግ ያ ሁሉ ዘመናዊ መኪና ከነሙሉ ኃይሉ ይተኛል። ያን ጊዜ መግፋት እንኳ አያስነሳውም። የሚያስነሳው የት ላይ ምን ያህል ቮልት እንደቀረ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ግፉልኝ» የሚል ሰው ስታገኙ ግፉለት፤ ወግ ነው፣ ደግነትም ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ከመሄዱ በፊት በመስኮቱ በኩል አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ቁልፉን ሲያዞሩ ምን ይሰማል?»